ሾላ በር ቀይ የተቀባችበት ግንቦት

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ወልዲያ ያለውን የቤቴን በር አንኳኩ። አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለዋል፤ ልጅቷ ታብሌት ይዛለች። «የከተማውን የተፈጥሮ አደጋ ሥጋት እያጠናን ነው» አሉኝ። ግቡ ብዬ አስቀመጥኳቸው፤ የሚጠጣ ውሃም አቀረብኩላቸው። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «እትዬ፣ በዚህ ሰፈር ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት ወይም ሌላ የሚያሰጋችሁ አደጋ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለም» አልኳት ፈጠን ብዬ።

ልጅቷ ታብሌቷን ነካ አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እኔ ግን የራሴን መልስ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። ከጓሮዬ በላይ ያለው ገደል በየክረምቱ አፈር እያወረደ አጥሬን ስንት ጊዜ ጥሎታል! ይባስ ብሎ የዕድሜዬ እኩሌታ ያለቀው ይህንኑ ጥያቄ በየሰው ደጃፍ እየዞርኩ ስጠይቅ ነው። «ቆይ ልጄ፣ መልሴን ሰርዢውና እንደገና ጠይቂኝ፤ አጠያየቁን ግን እኔ ልንገርሽ» አልኳት። ግራ ተጋብታ ጓደኛዋን አየችው። ሲሄዱ በሩ ድረስ ሸኝቻቸው ስመለስ ሳቁ አልለቀቀኝም፤ ሾላ በር ትዝ አለችኝ፤ ያ የግንቦት ሙቀት፣ ጋሽ አስራት፣ ከድጃ።

ያኔ ገና ትምህርቴን ጨርሼ መውጣቴ ነበር። ሀብሩ ወረዳ ተመደብሽ ሲሉኝ እናቴ ሩቅ አገር የምሄድ ይመስል አልቅሳለች፤ መርሳ እኮ ከወልዲያ በአውቶቡስ እንቅልፍ እንኳ ሳይወስድሽ የምትደርሺበት ነው። ብቻ ሙቀቱ ሌላ ነው። በግንቦት መርሳ አስፋልቱ ይለሰልሳል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሴቶች በሰፌድ የሞላ ማንጎ ተሸክመው ወደ መስኮቶቹ ይሮጣሉ፤ የበሰለው ማንጎ ሽታ ከናፍጣው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። እኔ በደሞዜ መጀመሪያ የገዛሁት ጃንጥላ ነበር። ዛሬም ማንጎ ስልጥ ያ ወራት ነው የሚመጣብኝ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

የቡድናችን መሪ ጋሽ አስራት ነበሩ። የጉባ ላፍቶ ደገኛ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ሹራባቸውን አያወልቁም። ለምን ሲባሉ «ብርዱ ከደጋ ተከትሎኝ ይመጣል» ይላሉ። ተረበኛ ቢሆኑም በሥራ ላይ ቀልድ አያውቁም። ሥራችን የወረዳውን ቀበሌዎች እየዞርን የትኛው መንደር በምን አደጋ እንደሚሰጋ ማጥናት ነበር። በመጨረሻም በካርታው ላይ መንደሮቹን በቀለም እንቀባለን፤ ብዙ የሚያሰጋው ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ደህናው አረንጓዴ። ይህ ቀለም የሥዕል ጨዋታ አልነበረም። ካርታው ወልዲያ ዞን ደርሶ ሲጸድቅ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ለቀዮቹ መንደሮች የጎርፍ መከላከያ ሽቦና ቤት ማንሻ ድጋፍ ይላካል። ቢጫ የሆነ ለከርሞ ይጠብቃል፤ አረንጓዴ የሆነን ግን ማንም አያስታውሰውም።

ሾላ በር ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ተራራው ገባ ብላ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከመኪና ወርደን በማሽላ ማሳ መካከል በእግር ነው የምንሄደው። ማሽላው ገና ጉልበት አልደረሰም፤ በመስመር በመስመር ቆሞ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከዚያ ወንዙ ይመጣል። በግንቦት ወንዝ ለማለት ይከብዳል፤ ደረቅ፣ ሰፊ፣ ነጭ ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ነው። ፍየሎች ይሻገሩታል፤ ሴቶች ልብስ ያሰጡበታል። በሬ የሚያህሉ ድንጋዮች እዚህም እዚያም ተጋድመዋል። ጋሽ አስራት አንዱን በዱላቸው መታ መታ አድርገው፣ «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አሉት።

ከወንዙ ዳር የመጀመሪያው ቤት የከድጃ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ናት፤ እርጉዝ ነበረች፤ ባሏ ለሥራ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር። ቤቱን የሠሩት ሲጋቡ ቤተሰብ በሰጣቸው ቁራሽ መሬት ላይ ነው። ከበሩ ላይ ሆና ስታየን እንግዶች እንደምትጠብቅ ሰው፣ «መርሐባ፣ መርሐባ፣ ግቡ፣ ፀሐዩ አቃጠላችሁ» አለችን። ቀዝቃዛ አሬራ በቅል አቀረበችልን። እንደዚያ ያለ አሬራ ከዚያ በኋላ አልጠጣሁም፤ ወይ ጥሙ ነበር፣ ወይ ልጅነቱ።

አሬራዬን እየጠጣሁ ግድግዳውን አየሁት። ከወገብ በታች ያለው ጭቃ አዲስ ነው፤ ከላይ ያለው አሮጌ።

«ውሃ ገብቶ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ቤት አይታደስም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ወንዙ አያሰጋችሁም?»

«ምን ሥጋት አለ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ጨምሪ እስቲ፣ ምነው ተውሽው?» ብላ ቅሉን እንደገና ሞላችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ከመንደሩ መሃል ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። በሥልጠና እንደተነገረን፣ ድርቅ፣ ጎርፍ፣ አንበጣና የመሬት መንሸራተት በሥዕል የታዩባቸውን ወረቀቶች መሬት ላይ ዘረጋን። ሰዉ አብልጦ በሚፈራው ሥዕል ላይ ብዙ ጠጠር ማስቀመጥ አለበት። ጋሽ አስራት ግን ጠጠር መልቀም ሰልችቷቸው ከመርሳ ገበያ የሽምብራ ቆሎ ገዝተው ነበር የመጡት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እፍኝ አደሉ።

የመንደሩ ትልቅ ሰው ሸህ እንድሪስ ነበሩ፤ ቅሬ የሚሉት የመንደሩ ዕድር መሪ፣ ፀሎታቸውም ምክራቸውም የሚፈለግ አዛውንት። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩና፣ «እኛማ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» አሉ። «ድርቁ ቆላ ያሉትን ወንድሞቻችንን ነው የጎዳ። እነሱን አስቀድሙልን።»

«ሸህ እንድሪስ፣ አንቱ ስለ ሾላ በር ይንገሩን እንጂ» አሉ ጋሽ አስራት።

«ሾላ በር ምን ትሁን? ሰላም ናት።»

ከዚያ ሁሉም እየተነሳ ሽምብራውን ድርቁ ላይ አደረገ። ጎርፉ ላይ አንዲት ሽምብራ ብቻ ወድቃ ነበር፤ እሷንም አንድ አዛውንት አንስተው ወደ አፋቸው ሰደዷት። የተረፈውንም ሴቶቹ ሰብስበው፣ «መንገደኛ ናችሁ፣ እናንተ ብሉት» ብለው ለእኛ መለሱልን። ጥናቱን እየቆረጠምን ወደ መርሳ ተመለስን።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ አረንጓዴውን ቀለም ላነሳ ስል ጋሽ አስራት እጄን ያዙ።

«እጅሽን አንሺ። ያን ድንጋይ አላየሽውም?»

«አይቻለሁ፤ ሰዉ ግን ደህና ነን ብሏል። መመሪያው የኅብረተሰቡ ቃል ነው የሚለው።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ። እኔ ከራሴ አውጥቼ ቀይ ልቀባው አልችልም። ዞን ሲጠይቀኝ ድንጋይ ነገረኝ ልበል?»

ችግሩ ይኼ ነበር። ሰዎቹ ዋሽተውን አይደለም። በሾላ በር እንግዳ ፊት ችግር አይዘረገፍም፤ ከእኛ የባሰ አለ ማለት ጨዋነት ነው፤ የተረፉበትን ቀን አንስቶ ማማረር ደግሞ ፈጣሪን እንደመክሰስ ይቆጠራል። እናቴ ራሷ እንዲህ ናት፤ ወገቧን ይዛ እየተነሳች እንዴት አደርሽ ብትባል «ደህና፣ ተመስገን» ነው መልሷ። እኛ ደግሞ ተምረን መጥተን፣ ከሰው አፍ ሊወጣ የማይችለውን ነገር በእፍኝ ሽምብራ ልናስወጣው ሞከርን። ካርታው ወደ ዞን የሚሄድበት ቀን እየቀረበ ነው፤ ሰማዩም በተራራው በኩል ከሰዓት ከሰዓት መጥቆር ጀምሯል። የከድጃ ሆድ ዓይኔ ላይ ይመጣ ነበር። ክረምቱ ሲበረታ ነበር የምትወልደው።

ደግሞ ሂደን ምን ብለን እንጠይቅ ስንል፣ ሸህ እንድሪስ ራሳቸው ገበያ መጥተው ቢሮአችንን አንኳኩ። «ሐሙስ የማሽላውን ዱዓ እናደርጋለን፤ እናንተም የመንደሩ እንግዶች ናችሁ፣ ሥራችሁ እንዲቃናላችሁ ኑ» አሉን። ጋሽ አስራት ክርስቲያን ነኝ አላሉም፤ ሸሁም አልጠየቋቸውም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ሰው የሚያስበው ባዶ እጁን እንዳይሄድ ነው። እኛም ስኳር ይዘን ሄድን።

በሾላው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠው ደረስን። በግ ታርዷል፤ የስንዴ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ሽታው ያስጎመጃል። እኔ ከከድጃ ጎን ተቀመጥኩ። ሸህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ፤ ሰዉም እጁን ዘረጋ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ዜማ አለው።

«ያ ረቢ፣ ዝናቡን የራሕመት፣ የምሕረት አድርገው።»

«አሚን!»

«ማሽላውን ከአንበጣ ጠብቀው።»

«አሚን!»

የጋራው ልመና ሲያበቃ፣ እያንዳንዱ በልቡ የያዘውን ጉዳይ፣ እነሱ ኒያ የሚሉትን፣ ያቀርባል፤ ሸሁ ያንን ተቀብለው ዱዓ ያደርጉለታል፤ ሰዉ አሚን ይልለታል። አንዱ ለታመመ በሬው አስደረገ። አንዲት እናት ባሕር ለተሻገረ ልጃቸው አስደረጉ። ከዚያ ከጎኔ ከድጃ በጉልበቷ ቆመች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች፣

«ሸህ እንድሪስ፣ ለኔም ዱዓ አርጉልኝ» አለች። «ልጄን ደረቅ መሬት ላይ ልውለደው በሉልኝ።»

ሕፃን ያዘለች ሴት እንኳ መወዝወዟን አቆመች። ሸህ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ያ ረቢ፣ ከድጃን ደረቅ መሬት ላይ ገላግላት። ወንዙን በወሰኑ አቁምልን። ደጃችንን የውሃ መንገድ አታድርግብን።»

«አሚን! አሚን! አሚን!»

ያ አሚን ጆሮዬ ውስጥ አለ እስከዛሬ። ወንዶቹ ጮኹ፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ደጋገሙት፤ ሽምብራዋን የበሉት አዛውንት መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ቀና ስል ጋሽ አስራትን አየኋቸው፤ በሹራባቸው ውስጥ ላብ እያጠመቃቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አብረው አሚን ይላሉ።

ሥጋውና ዳቦው ተበልቶ ሲያበቃ ጋሽ አስራት ወደ ሸህ እንድሪስ ጠጋ አሉ። ወረቀትም ሽምብራም አላወጡም።

«ሸህ እንድሪስ፣ ያለፈው ጥያቄያችን ይቅር። እኛም ቤታችን ስንገባ እንደ ሃይማኖታችን ልንጸልይላችሁ ነው። ሾላ በርን ከምን ጠብቃት እንበል?»

ሸህ እንድሪስ ረጋ ብለው አዩዋቸው። «ይኼን ጠይቁ እንጂ!» አሉ። «ከውሃው በሉልን።»

በቃ፣ አፉ ሁሉ ተከፈተ። አንዱ ያንዱን ወሬ እየነጠቀ ይናገር ጀመር። ውሃው በየት ሰብሮ እንደሚወጣ፣ የማን ጎተራ እንደተወሰደ፣ ከተራራው ሲመጣ ምድሩ እንዴት እንደሚያጉረመርም። ተነስተን አብረን በወንዙ ዳር ሄድን፤ እያንዳንዱ ቤት ፊት ቆመን፣ ለዚህ ቤት ከምን ይጠብቀው እንበል ስንል ጥያቄው ከአፋችን ሳያልቅ መልሱ ይመጣ ነበር። ከድጃም ባለፈው ነሐሴ ውሃው ቤቷ ገብቶ ጎታዋን ከነእህሉ ይዞት እንደሄደ ያን ጊዜ ነገረችኝ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ገና አሬራሽን ሳትጨርሺ ሐዘኔን ላጠጣሽ?» አለች። ከዚያ ሆዷን ዳበስ አድርጋ ቀስ ብላ፣ «ደሞ ይኼኛው ይሰማል። እንዲህ ያለ ቤት ነው የምመጣበት ብሎ እንዳይፈራ» አለችኝ።

ወልዲያ ዞን ስንቀርብ ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካርታውን አዩ። «ሾላ በርን ባለፈው በስልክ ሰላም ነው ብላችሁኝ ነበር። ምን ተገኘ?» አሉ።

«አጠያየቃችን ነው የተሳሳተው» አሉ ጋሽ አስራት፤ ከሽምብራው ጀምረው እስከ አሚኑ ድረስ አወሩላቸው። ሰውዬው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ጣራ ጣራ እያዩ፣ «የኔንም እናት ብትጠይቋት ደህና ነን ነበር የምትላችሁ» አሉ። ሾላ በር ቀይ ተባለች። ደስታችን ግን ብዙም አልቆየም፤ «ሌሎቹንስ መንደሮች በየትኛው አጠያየቅ ነው የጠየቃችሁት?» ሲሉ ጋሽ አስራትና እኔ ተያየን። ወረዳውን በሙሉ እንደ አዲስ ዞርነው። ጃንጥላዬ እዚያ ዙር ላይ ተሰበረች።

ሽቦው በሰኔ መጣ። በሽቦ ቅርጫት ድንጋይ እየሞሉ ግድብ መሥራት ነው፤ መንደሩ በሙሉ ወጣ፤ ከአጎራባች መንደሮችም ለደቦ መጡ። ለከድጃ ከፍ ካለው ቦታ ላይ መሬት ተሰጣት። የቅሬው ወንዶች የሣር ጣራውን እንዳለ ከግድግዳው ላይ አንስተው፣ እየዘፈኑ፣ ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ጣራ በሰው እግር ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከድጃ ከኋላ ሆና «ቀስ! ቀስ! እንዳትጥሉት!» እያለች ትስቃለች። እኔ ዶሮዎቿን ተሸክሜ ነበር፤ አንዷ አምልጣኝ ስሯሯጥ ሾላ በር በሙሉ ሳቀብኝ።

ነሐሴ ላይ ውሃው መጣ። መርሳ ሆነን እንኳ ተራራው ሲያጓራ ይሰማን ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ከጋሽ አስራት ጋር በጭቃው ውስጥ እየዳከርን ሄድን። ግድቡ በአንድ ጫፍ ተሰብሯል፤ ከታች ያለው ማሽላ አሸዋ ተኝቶበታል፤ የሸህ እንድሪስ አንድ በሬ ተወስዷል። የከድጃ ቤት በነበረበት ቦታ ግን የቤት ምልክት እንኳ አልነበረም። ድንጋይና ግንድ ተቆልሎበታል፤ ውሃው ገና ይፈሳል። አሬራ የጠጣሁባት መደብ የቱ ጋ እንደነበረች መለየት አቃተኝ። ጋሽ አስራት ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ሰው ግን አልተጎዳም። አንድም ሰው።

ዳገቱን ስንወጣ ሴቶች እልል ሲሉ ሰማን። ከድጃ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗን አቀፍኳት፤ ነጃት ብለዋታል፤ መዳን ማለት ነው። ወለሉን በእጄ ነካሁት። ደረቅ ነበር። ትኩስ ገንፎ ከነቅቤው አቀረቡልኝ፤ እንባዬ እየወረደ በላሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፣ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የሥራዬ ምንነት የገባኝ ግን እዚያ ጣራ ሥር ነው። ለዚህም ሸህ እንድሪስን፣ ጋሽ አስራትን፣ ከሁሉም በላይ ያችን ሳቂታ ልጅ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት እነዚያ ወጣቶች ከሄዱ በኋላ ለከድጃ ደወልኩላት። በየዓመቱ አንዴ ወይ በሠርግ ወይ በለቅሶ እንገናኛለን፤ ስልክ ግን አናበዛም። ስለዚህ ደነገጠች።

«ምነው እታገኝ፣ ደህና ነሽ?»

የሆነውን ነገርኳት። «አንቺም ደህና ነን አልሽ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ አላረጀም። እኔም በዚያ ሳቅ መሃል፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ሳልነግራት የኖርኩትን ነገርኳት። ያን ቀን በጉልበትሽ ባትቆሚ እኛ ሾላ በርን አረንጓዴ ቀብተን እንሄድ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ አልኳት።

«አታውቂም እንዴ?» አለችኝ። «የማሽላው ዱዓ ላይ እኮ ስምሽ ይጠራል።»

«የኔ?»

«ያንቺና የአስራት። ሸህ እንድሪስ ናቸው የጀመሩት። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ልጃቸው ይጠራዋል። አስራት አረፉ ሲባልም አላቋረጠም። እታገኝን ባለችበት ጠብቅልን ይላል፤ ሰዉ አሚን ይላል። ልጆቹ ማን እንደሆንሽ አያውቁም። ያንዳቸው እናት ትሁን፣ ዘመድ ትሁን ብለው ይሆናል። ግን ይላሉ፤ ጮኸው ነው የሚሉት።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል ለሆስፒታል የተንከራተትኩበት ዓመት ነበር፤ በጦርነቱ ወልዲያ የተጨነቀችባቸው፣ ሰው ከሰው ወሬ የጠፋባቸው ወራት ነበሩ። ያን ሁሉ በራሴ ጉልበት የተወጣሁት ይመስለኝ ነበር፤ ብርቱ ነኝ እያልኩ ለልጆቼም አውርቻለሁ። ለካ በየዓመቱ፣ እኔ ስለ እነሱ ሳላስብ በምውልበት አንድ ሐሙስ፣ መልኬን እንኳ የማያውቁ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ስለ እኔ ይጮኹ ኖሯል።